ድጋፉ የበቀለበት ክረምት

በየትኛው ዓመት እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። በሰፈራችን ኮብልስቶን የተነጠፈበት ክረምት ነው ልበል፣ ወይስ የሚቀጥለው? ልጄን ብጠይቃት አንዱን ትላለች፤ ጎረቤት ብጠይቅ ሌላውን ይላል። ክርክር ስለማልወድ ትቼዋለሁ። ወሩን ግን አልረሳውም። ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ የዶቅማ ፍሬ የሚያክል በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ሰው ከሰው አልተደማመጠም። ሲያባራ ወጥቼ ባይ የደጃፋችን ጽጌረዳ መተላለፊያው ላይ ተጋድሟል።

ስለ ጽጌረዳው ትንሽ ልናገር። ልጄ ደብረ ማርቆስ ላይ ይቺን ቤት ስትሠራ ከችግኝ ጣቢያ አምጥታ በበሩና በግንቡ መሃል የተከለችው ነው። ተከለችው እንጂ አላሳደገችውም፤ እሷ ቢሮ ገብታ የምትወጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እኔ ከደብረ ኤልያስ መጥቼ እሷ ዘንድ ስገባ ቁመቱ ከጉልበቴ አያልፍም ነበር።

እንዴት መጣህ ብትሉኝ፣ ያመጣኝ ጉልበቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ዳዊት እስክደግም ነው፤ እሱንም ሳልጨርስ አባቴ ሞፈር አስጨበጠኝ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜዬን ሙሉ አርሻለሁ። በስተርጅና ጉልበቴ ከበሬ ኋላ መሄድ እምቢ ሲለኝ መሬቱን ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁ፤ ልጄም በሚኒባስ አሳፍራ አመጣችኝ። «አባባ፣ እንግዲህ ይረፉ» አለችኝ። ይረፉ የምትለዋን ቃል ያን ጊዜ አልጠላኋትም። እየቆየሁ ነው የጠላኋት። እረፍት ማለት ለካ ጠዋት ወንበር ይዞ ፀሐይ ላይ መቀመጥ፣ ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሩን ማዞር፣ አላፊ አግዳሚው «እንዴት ዋሉ አባቴ» ሲል «ይመስገን» ማለት ነው። እንዲህ እንዲህ ሲል ይመሻል። ነገም እንደዚያው ነው።

ጽጌረዳዋን የያዝኩት ያኔ ነው። ማንም ያዝ አላለኝም። ዙሪያዋን ኮተኮትኩ፣ አረምኩ፣ ፍግ አመጣሁ። ካቡን ተሻግሮ ያለችው ጎረቤታችን አንድ ላም አለቻት፤ በየሁለት ቀኑ በባልዲ ፍግ እቀበላት ነበር። በዓመቱ ከእኔ በላይ ሆነች። አበባዋ ቀይ ነው፤ አንዱ ብቻውን ጭብጥ ይሞላል። ግንዷ ግን ቀጭንና ለስላሳ፣ ራሷን መሸከም የማትችል ሆነች።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር፤ ሌላ ሰው ከሚናገርብኝ። ጤፍ ሲጠግብ እንደሚተኛ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ፍግ የበዛበት ማሳ ቁመቱ ያማረ ይሆንና አንድ ዝናብ ሲመታው ምንጣፍ ይሆናል። ይህን ለሰው ስመክር ኖሬ፣ ለአንዲት ጽጌረዳ ሲሆን ረሳሁት። ሥራ ስለናፈቀኝ አበላኋት፣ አበላኋት፣ ጣልኳት።

ልጄ ያን ቀን ከቢሮ ስትመለስ በወደቀው ላይ ልትራመድ ስትል እሾሁ ነጠላዋን ከጫፍ እስከ መሃል ቀደደው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እሾሁን ቀስ አድርጋ ነቀለችና እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ እስከ መስቀል ካልቆመ አስቆርጠዋለሁ። ቦታው ሲሚንቶ ይፈስበታል። እርስዎም ወንበርዎን አውጥተው እንደልብዎ ይቀመጡበታል።»

ክፉ አላሰበችም። ለእኔ አስባ ነው። ግን ያቺ ወንበር ስትነሳ ሌላ ነገር ገባኝ። በእጄ የቀረችው ሥራ ይቺ ብቻ ናት፤ እሷንም ቆርጠው በቦታዋ እኔን ሊያስቀምጡ ነው።

«ይቆማል» አልኳት።

 ቃል ማብዛት ልማዴ አይደለም።

በማግሥቱ ከከተማው ዳር ወዳለው ወንዝ ወርጄ አንድ እርጥብ ኮርች ቆረጥኩ። የክንዴን ያህል ውፍረት ያለው ነው። በእኛ አገር አጥር የሚታጠረው በኮርች ነው። እርጥቡን ቆርጦ የተከለ ሰው እንጨት አልተከለም፤ ሥር ሰዶ፣ ቅጠል አውጥቶ፣ ሕያው አጥር ይሆንለታል። አይበሰብስም፣ ከብት ገፍቶ አይጥለውም። ሕይወቴን ሙሉ ስተክል ስለኖርኩ ደጋፊ ሲባል እጄ ሌላ እንጨት አላወቀም። ተሸክሜ አመጣሁና ከጽጌረዳዋ ሥር አጠገብ በመዶሻ ቀበርኩት። ጽጌረዳዋን አነሳሁ፣ አስደገፍኳት፣ በናይለን ገመድ ከታች እስከ ላይ ጠፈርኳት። ጭነት እንደሚታሰር አድርጌ፣ በጉልበቴ ተጭኜ።

ስጨርስ ጎረቤቴ ከካቡ በላይ ብቅ አለች። የፍጉ ባለቤት ማለቴ ነው። እሷ የሰፈሩ ወጌሻ ናት። የተሰበረ ትጠግናለች፣ የወለቀ ትመልሳለች፣ የዞረ ታሻለች። ከደብረ ወርቅ ድረስ ክንዱን በሻሽ አንጠልጥሎ በሚኒባስ የሚመጣባት ሰው አለ። የእኔንም ጉልበት አይታልኝ ነበር፤ «ይኼ ያለቀ እንጂ የወለቀ አይደለም፣ እኔ አልሠራውም» ብላ እውነቱን ነግራኛለች። እጇ የለሰለሰ፣ ምላሷ የተሳለ ነው።

«አያ፣ ሌባ ነው እንዴ የያዙት?» አለች ገመዱን አይታ።

«አዎ፣ ሊያመልጥ ሲል ደረስኩበት» አልኳት።

«ድሮ በሬ ይጠምዱ ነበር አሉ። አሁን ደግሞ አበባ ጠመዱ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ጠዋት ያለ እኔ አልነጋም። ላሟን ስታልብ ትጠይቀኛለች፤ እስረኛው እንዴት አደረ፣ ዛሬ ቀጠሮ አለው ወይ፣ ዋስ አልተገኘለትም ወይ። በር ላይ በሽተኛ ከተቀመጠ እሱም ይስቃል። የማኅበር ጓደኞቼም ሰምተው ኖሮ፣ በወሩ ጠበል ጸዲቅ ላይ አንዱ ጽዋውን ይዞ የማይበላ ነገር የሚያርስ ገበሬ እኛ አገር በቀለ ብሎ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ግን በልቤ፣ ቆይ መስቀል ይድረስ እላለሁ።

ፍልሰታ ተጾመ፣ ተፈታ። ዝናቡ አላቋረጠም። አንድ ቀን ጠዋት ኮርቹ ላይ የጡት ጫፍ የሚያክል አረንጓዴ እብጠት አየሁ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው የምለው። ሥር ይዟል፣ እንግዲህ ማንም አይነቀንቀውም አልኩ። በሳምንቱ እብጠቱ ፈነዳ። በሁለተኛው ሳምንት የጣባ ክዳን የሚያክል ቅጠል ዘረጋ። ጳጉሜ ሲገባ የኮርቹ ጥላ ጽጌረዳዋን ከላይ ሸፈናት። የእሷ ቅጠል ግን ቢጫ ሆኖ ይረግፍ ጀመር። ገመዱን ገለጥ አድርጌ ባይ ልጧን በልቶ ገብቷል።

ልጄ ወደ ቢሮ ስትወጣ ቆም ብላ አየችው።

«አባባ፣ ደጋፊው ለምልሞ ተደጋፊው ጠወለገ» አለች። ፈገግ ብላ ሄደች።

ወጌሻዋ ይህን ከካቡ ማዶ ሰምታለች። ያን ቀን ሳቋን ለመጨረስ ላሟን ማለብ አቋረጠች። ለመስቀል ዘንድሮ በኮርች ነው የምናጌጠው ወይ ስትል በሽተኞቿ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። አንድ ገበሬ ድጋፍና ተክል ሳይለይ መቅረቱ፣ እውነት ነው፣ የሚያስቅ ነው። እኔን ግን ያን ጊዜ አላሳቀኝም። ዶማ አነሳሁና ኮርቹን ልነቅል ገባሁ።

ችኮላ አላውቅም የምል ሰው ያን ቀን ቸኮልኩ። ገመዱን ሳልፈታ ነው ኮርቹን የነቀነቅሁት። አፈሩ ጠግቧል፣ ሥሩ ደግሞ የጽጌረዳዋ ሥር ውስጥ ገብቷል። ስስበው አንድ ነገር ቋ አለ። እጄን ስለቅ የጽጌረዳዋ ግንድ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተሰንጥቆ፣ በአንድ ወገን ልጥ ብቻ ተንጠልጥሏል።

እርጥቡ ኮብልስቶን ላይ ተቀመጥኩ። እንግዲህ መስቀል ሊደርስ ሦስት ሳምንት አልሞላም። አሰብኩ። ልቆርጣትና ነገሩን ልጨርስ እችላለሁ። ልጄ ምንም አትለኝም፤ እንዲያውም ትንሽ ታዝንልኝና ወንበሩን ታመጣልኛለች። ይኼን ሳስብ ተነሳሁ። አይሆንም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ያልኩት፣ ካቡ ላይ የነበረች ዋኖስ በረረች።

ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ጎልማሳ ትከሻው ወልቆ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ እሱን እስክትጨርስ ተራዬን ጠበቅሁ። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ምንዎ ተሰበረ?»

«የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«ነይና እይው፣ እቴ» አልኳት።

መጣች። አየች። ግንቡን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ለእንጨት ተጠርታ እንደማታውቅ፣ ይህን ለልጅ ልጆቿ እንደምትነግር አወራች።  ሳቋን ስትጨርስ ግን ጎንበስ አለችና ስንጥቁን በጣቶቿ ዳሰሰችው። ከላይ ወደታች፣ ከታች ወደላይ፣ እንደ ሰው እጅ። ፊቷ ተለወጠ። ወጌሻ ስትዳስስ የምታሳየውን ፊት አውቀዋለሁ፤ ጉልበቴን ስትዳስስ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ያለቀ ነው ብላኛለች። አሁንም ያለቀ ነው ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«በአንድ ወገን ሕይወት አለው» አለች።

ገመዱን ቆርጣ ኮርቹን በዝግታ ካስነቀለችኝ በኋላ ከቤቷ የተላጉ የቀርከሃ ስንጥሮች አመጣች፤ ለሰው ክንድ የምታስርባቸው ናቸው። ጨርቅ ስትል ጋቢዬን ከጠርዙ ቀደድኩላት። ቅቤ ላምጣ ወይ ብላት ቅቤውን ለወጥ ይተዉት አለችኝ። እኔ በጭቃና በእበት ስንጥቁን ከውጭ መረግሁ፤ ይቺን ከራሴ ነው የጨመርኳት፣ እሷም አልከለከለችኝም። ስንጥሮቹን ዙሪያውን ደርድራ በጨርቁ ጠቀለለች። ሲጠቀለል አየሁት፤ ጣቷን በጨርቁና በግንዱ መሃል አስገብታ ካልገባላት እየፈታች እንደገና ታስራለች። እኔ በጉልበቴ ተጭኜ ያሰርኩትን አስታወስኩና አፈርኩ።

«አሁን አናቷን ይከርክሙ» አለችኝ።

እምቢ አልኩ። ሰባት እምቡጥ ነበራት፤ ለመስቀል የሚፈነዱ። ልጄ የምታየው እነሱን ነው።

«የተሰበረ ሰው እንስራ ያሸክማሉ?»

«አላሸክምም።»

«እንግዲያ።»

በገዛ ቢላዬ ቆረጥኳቸው። ሰባቱንም። ከዚያ ሦስት ደረቅ የቀርከሃ ዱላ ሥሯን ሳንነካ ራቅ ራቅ አድርገን ተከልንና ከእያንዳንዳቸው ወደ ግንዱ ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ዘረጋን። ማሰሪያውን ላጠብቅ ስል እጄን ያዘችኝ። ላላ ይበል፣ ነፋስ ይወዝውዛት አለችኝ። ነፋስ ከወዘወዛት ለምን አሰርናት ብዬ ተከራከርኩ። ያኔ የመለሰችልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

«አያ፣ አጥንት ታስሮ ይጋጠማል እንጂ ታስሮ አይጠናም። የሚጠናው ሲፈታ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው፤ ፈርቶ እንደታሰረ ይተወዋል።»

ልጄ ማታ ስትገባ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። አናቱ የተመለጠ፣ ወገቡ በጋቢ የተጠቀለለ፣ በሦስት ምርኩዝ መሃል የቆመ ነገር ነው። ግንበኛ እንዳነጋገረች ብቻ ነገረችኝ፤ ከመስቀል ማግሥት ይመጣል። እኔም ራቴን በልቼ ተነሳሁና ያቺን ወንበር አንስቼ ዕቃ ቤት ከትቼ ቆለፍኩባት። ቁልፉን ኪሴ ጨመርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መስቀል ደጃፉ ላይ አልተቀመጥኩም። ጉልበቴ ጮኸ። ይጩህ አልኩ። ከዘራዬን ይዤ ከበሩ እስከ ካቡ፣ ከካቡ እስከ በሩ ተመላለስኩ። ፍግ አልሰጠኋትም። ውሃም የሰማይ ይብቃት አልኩ።

ወጌሻዋ በየሳምንቱ እየመጣች ጨርቁን ታላላ ነበር። ፌዟን አልተወችም፤ እስረኛው በዋስ ሊወጣ ነው ትላለች። ግን መጀመሪያ ጽጌረዳዋን ታያለች፣ በሽተኞቿን ቀጥላ ነው የምታይ። በዓመት በዓሉ ሰሞን ከቆረጥነው በታች አንድ ቀይ ቡቃያ ወጣ። ከዚያ ሁለተኛ። ማንም ሳያየኝ ቆጠርኳቸው።

የደመራው ለት ሲመሻሽ ልጄ ወደ ደመራው ሄደች። እኔ ጎረቤቴን ጠራኋትና የዱላዎቹን ማሰሪያ ፍቺልኝ አልኳት። ገና ነው አለችኝ። ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ፣ ወገቧ ላይ ያለው ስንጥር አይነካ፣ ዱላዎቹም ይጠብቋት። ለልጄ የሰጠሁትን ቃል ነገርኳት።

«ብትወድቅስ?» አለችኝ።

«ትውደቃ። ታስራ ቆመች አላስብላትም።»

አየችኝ። ሳትቀልድ፣ የስንጥሩን ጨርቅ ትታ፣ ከሦስቱ ዱላዎች የሚመጣውን ማሰሪያ አንድ በአንድ ፈታች። ሦስተኛውን ስትፈታ ጽጌረዳዋ ወደ መንገዱ ዘመም አለች። ዘመም፣ አሁንም ዘመም። እጄ ሊይዛት ሲነሳ ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ነፋስ መጣ፤ ተወዘወዘች። ተመለሰች። ትንሽ ዘንበል እንዳለች ቆመች።

ልጄ ስትመጣ ሁለታችን እንደ ጥፋተኛ ደጃፉ ላይ ቆመናል።  የተቀደደውን ነጠላ ጠቅማ ለብሳው ነበር። በጽጌረዳዋ አጠገብ ቀስ ብላ አለፈች፤ ነጠላዋን አልያዘባትም። ተመልሳ እንደገና አለፈች። አሁንም አልያዘባትም።

«ዘምሟል» አለችኝ።

«እኔም ዘምሜአለሁ። ቆሜ የለም?»

 ከዚያ ዱላዎቹን አየች፣ የተፈታውን ጨርቅ አየች፣ ከዘራዬን አየች።

«ወንበሩን የት አደረጉት?»

«ዕቃ ቤት ነው። ይኸው ቁልፉ» አልኩና አሳየኋት። አልሰጠኋትም።

ሳቋን አፍና ገባች። በማግሥቱ ግንበኛው አልመጣም። ማን እንደነገረው አልጠየቅሁም።

አሁን ይህን በምጽፍበት ጊዜ ጽጌረዳዋ አለች። የተሰነጠቀው ቦታ እንደተጠገነ አጥንት አብጦ ቋጠሮ ሠርቷል፤ ከሌላው ግንድ ሁሉ ወፍራሙ እሱ ነው። ቀጥ ብላ አልቆመችም፣ ወደፊትም የምትቆም አይመስለኝም። የመጀመሪያዋን አበባ የሰጠችው ጽጌ ሊያልቅ ሲል ነው፤ አንዲት፣ ትንሽዬ። የነቀልኩትንም ኮርች አልጣልኩትም፤ ጓሮ ወስጄ አጥሩ ዳር ተከልኩት፣ ዛሬ ከቤቱ ቆርቆሮ በላይ ሄዷል። የማኅበር ጓደኞቼ አሁንም ለማይበላ ነገር እንደምደክም ይናገራሉ። ይናገሩ። እኔ ጠዋት ስነሳ የምሄድበት አለኝ።

ጎረቤቴን ላመሰግናት ስል፣ ለሰው የማስረውን ለእንጨት አሳስረው ሙያዬን አዋረዱብኝ ብላ አባረረችኝ። ስሜን ጽሕፈት ውስጥ እንዳያስገቡም ብላኛለች፣ ስለዚህ አላስገባም። ግን ያን ክረምት በእግርህ ያቆመህ ማን ነው የሚለኝ ካለ፣ ልጄ አይደለችም፣ ሐኪምም አይደለም፣ ከዘራዬም አይደለም። ካቡን ተደግፋ ስትስቅብኝ የከረመችው፣ ባለ ላሟ ወጌሻ ናት።